ቦኒ ኤም፦ ባንድ ነበር ወይስ የፋሪያን ስቱዲዮ?

የቀረበው ጥያቄ፦ ከአራቱ አባላት ሁለቱ ሸክላው ላይ ያልዘፈኑበትን የ1970ዎቹን (እ.ኤ.አ.) የዲስኮ ቡድን ቦኒ ኤምን «ባንድ» ማለት ይቻላል?

ሸክላ ሰብሳቢ፦ አይቻልም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ፕሮዲውሰር ፍራንክ ፋሪያን እ.ኤ.አ. በ1975 በዚህ ስም የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያወጣ አባል የሚባል አልነበረም፤ የዘፈነው ራሱ ነው። ሆላንድና ቤልጂየም ላይ ሲደመጥለት ለቴሌቪዥን የሚቀርቡ ሰዎች አሰባሰበ። «ዳዲ ኩል» በተባለው ዘፈን ላይ የቡድኑ ወንድ አባል ቦቢ ፋሬል ይጨፍራል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን የፋሪያን ነው። ሌላዋ አባል ሜይዚ ዊሊያምስም ሸክላዎቹ ላይ አልዘፈነችም። ይህ ለገዢው ሊነገረው ይገባ ነበር።

የቅጂ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ የቀሩትን ሁለት አባላት፣ ሊዝ ሚቸልንና ማርሻ ባሬትን ዘለልካቸው። ሁለቱም የጃማይካ ልጆች ናቸው፤ የዘፈኑትም ራሳቸው ናቸው። ያ የብዙ ሰው የሚመስል ኅብረ ድምፅ የሚሠራው አንዱን መስመር በተለያየ ትራክ (ለብቻው በሚቀዳ የድምፅ ንብርብር) ደጋግሞ በመዝፈን ነው። ቅጂዎቹ እኩል ካልጀመሩ «ስ» እና «ት» ሁለት ሦስት ጊዜ ይሰማሉ፤ ትንሽም ልዩነት ከሌላቸው ደግሞ ድምፁ አይወፍርም። ይህን የሚችል ዘፋኝ የማንም መጠቀሚያ ዕቃ አይደለም።

ሬጌ ወዳጅ፦ እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። «ሪቨርስ ኦፍ ባቢሎን» እ.ኤ.አ. በ1970 በጃማይካዎቹ ሜሎዲያንስ ሲወጣ ከመዝሙር 137 (በግእዙ ዳዊት 136) እና ከመዝሙር 19 የተወሰደ የራስታ ዝማሬ ነበር። «የእግዚአብሔርን ዝማሬ» በሚለው ቦታ «የንጉሥ አልፋን» አሉ፤ «በፊትህ» ካሉ በኋላም «ፋር አይ» ብለው ተጣሩ። ሁለቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ነው የሚሉት። በ1978ቱ የቦኒ ኤም ቅጂ የመጀመሪያው ወደ መጽሐፉ ቃል ተመለሰ፤ ሁለተኛው «ዛሬ ማታ» ሆነ። የዝማሬው ባለቤት ወጥቶ ዜማው ቀረ።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ በዚያ ላይ ከደራሲዎቹ ከብሬንት ዳውና ከትሬቨር ማክናውተን ጎን የፋሪያን ስም ተጨምሯል። በደራሲነት መጻፍ ማለት ከእያንዳንዱ ሽያጭ መካፈል ነው፤ ያ ሸክላ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በሽያጭ ሰንጠረዥ አምስት ሳምንት አንደኛ ነበር። 20ኛ ላይ ሲወርድ ሬዲዮዎች ገልብጠው የጀርባውን የጃማይካ የልጆች ዘፈን «ብራውን ገርል ኢን ዘ ሪንግ»ን አጫወቱት፤ እንደገና 2ኛ ወጣ።

የቅጂ ባለሙያ፦ የደራሲነቱን ነገር አልከላከልም። ግን ሁለቱንም ገጽ የዘፈነችው ሊዝ ናት፤ «ባንድ አልነበረም» ስትል የምትሰርዘው እሷን ነው።

ሸክላ ሰብሳቢ፦ ሊዝን እቀበላለሁ። ስለ ፋሬል ግን ሐሳቤን አልቀይርም።