የዝቃጭን ውኃ በጥቃቅን አልጌዎች ማከም ይቻላልን?

ጥያቄ፦
የአካባቢ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የቃሊቲው ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ከመስፋፋቱ በፊት በኩሬዎች ይሠራ ስለነበር አልጌ (በውኃ ውስጥ የሚያድግ ጥቃቅን አረንጓዴ ተሕዋስ) ለፍሳሽ ሥራችን እንግዳ አይደለም፤ በመመረቂያ ጥናቴ የማተኩረው ግን ከፍሳሹ ተለይቶ በሚቀረው ዝቃጭ ላይ ነው። አልጌ ዝቃጩን እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል ወይስ ዝቃጩ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት? በሥራው ላይ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ ምላሽ፦
አልጌ በብርሃንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያድግ በመሆኑ ከዝቃጩ የሚፈልገው በውኃ የሟሟውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ስለዚህ ዝቃጩ አስቀድሞ አየር በማይገባበት ማብላያ ውስጥ ተብላልቶ ባዮጋዝ ከሰጠ በኋላ፣ ሲጨመቅ የሚወጣው ውኃ ለአልጌው ይቀርባል። ይህ ውኃ በአንድ ሊትር ብዙ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ የአሞኒያ ናይትሮጅን ይይዛል፤ በተለመደው አሠራር ወደ ጣቢያው መግቢያ ስለሚመለስም ጭነቱን ያበዛል፣ አየር ለመንፋት የሚወጣውን ኤሌክትሪክም ይጨምራል። በአልጌ ኩሬ ግን አልጌው ቀን ቀን በውኃው ያለውን ቆሻሻ ለሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ያመርታል፣ እነርሱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዊልያም ኦስዋልድ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያዳበረው፣ ውኃው በመቅዘፊያ እየተገፋ የሚዞርበት ጥልቀት የሌለው ኩሬ የተመሠረተው በዚሁ መደጋገፍ ላይ ነው።

ሁለተኛ ምላሽ፦
የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያ ውኃ ጠቆር ያለና ደፍራሳ ስለሆነ ብርሃን በበቂ አያሳልፍም። ከዚህ የሚብሰው የአሞኒያው ጉዳይ ነው፦ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በወሰደ ቁጥር ፒኤች (የውኃው የአሲድነት ወይም የአልካላይነት መለኪያ) ከፍ ይላል፣ 9ን ሲያልፍም የአሞኒያው ትልቅ ክፍል ነፃ አሞኒያ ሆኖ አልጌውን ራሱን ይመርዘዋል። መፍትሔው ውኃውን ከጣቢያው በሚወጣ የተጣራ ፍሳሽ ማቅጠንና ባዮጋዙን በኩሬው ውኃ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፒኤቹን ሲያወርድ በጋዙ ውስጥ ያለው የሚቴን፣ ማለትም የሚነደው ክፍል፣ ድርሻ ይጨምራል። ለማቅጠን የመጠጥ ውኃ መጠቀምን ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ የውኃ እጥረት ባለበት ከተማ ተገቢ አይደለም። ከአልጌ ዝርያዎች ክሎሬላና ሴኔደስመስ የሚባሉት አሞኒያን በተሻለ ይቋቋማሉ።

ሦስተኛ ምላሽ፦
ብዙ ጥናት የሚሰናከለው አልጌውን ከውኃው በመለየቱ ላይ ነው። የክሎሬላ ሕዋስ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ስፋት አለው፣ በክፍት ኩሬም ከአንድ ሊትር የሚገኘው ደረቅ አልጌ በአብዛኛው ከአንድ ግራም በታች ነው። ሁሉንም በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ በሚለይ መሣሪያ) መለየት ብዙ ኃይል ስለሚፈጅ፣ አልጌው ከባክቴሪያዎች ጋር ተጣብቆ በራሱ እንዲዘቅጥ የሚያደርግ አሠራር ቢመርጡ ይሻላል። የተሰበሰበው አልጌ ወደ ማብላያው ተመልሶ ባዮጋዝ ይሰጣል፤ በስፔን ቺክላና ከተማ በፍሳሽ ካደገ አልጌ የተገኘ ባዮሚቴን (ከባዮጋዝ ተጣርቶ የሚወጣ ሚቴን) ለመኪና ነዳጅነት ውሏል። በቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ የሚበቅለው ስፒሩሊና ለምግብነት የሚታወቅ ዓይነት መሆኑ ግን አያሳስትዎ፤ ከዝቃጭ ውኃ የሚገኘው አልጌ ከባድ ብረቶችና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሊይዝ ስለሚችል ለመኖ መዋል የለበትም፣ ለማዳበሪያነትም ቢሆን አስቀድሞ መመርመር አለበት።