የአንድ ቀን ጫጩቶችና የደሴ ብርድ

ጥያቄ (ከደሴ)፦
ትናንት 50 የአንድ ቀን ጫጩቶች ተረክቤ፣ በካርቶን ከልዬ የጤፍ ጭድ ባነጠፍኩበት ክፍል አምፖል አብርቼ አስቀመጥኳቸው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረው አደሩና ሦስቱን ከሥር ታፍነው ሞተው አገኘኋቸው። አንዷን በመዳፌ ስይዛት እግሯ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር፤ በጣም አዘንኩ። ዛሬ ማታ ከሰል ባስገባላቸውስ?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
እህቴ፣ አብሽሪ። ከሰሉን ግን በተዘጋ ክፍል ፈጽሞ እንዳታስገቢ፤ ጋዙ ለጫጩቶቹም ለቤተሰቡም ገዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልለሽ መሐላቸው አስቀምጪ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአምፖሉ ሥር ያለው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እኔ ግን ከቴርሞሜትሩ ይልቅ የማምነው አኳኋናቸውን ነው፤ ሲበርዳቸው ከአምፖሉ ሥር ተጠጋግተው ይጮኻሉ፣ ሲሞቃቸው ርቀው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ ሲመቻቸው ተበታትነው ይተኛሉ። የካርቶኑንም ማዕዘኖች ክብ አድርጊያቸው፤ የሚደራረቡት ጥግ ሲያገኙ ነውና።

መልስ (ከሐይቅ)፦
መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት የድርቆሽ ሳጥን እመክርዎታለሁ፤ በዙሪያው ድርቆሽ ስለሚታጨቅበት፣ ጫጩቶቹ በራሳቸው ገላ ሙቀት ያድራሉ፤ ክዳኑ ግን አየር ማስገባት አለበት። ከዚህ ሌላ፣ ኩስ ደርቆ ፊንጢጣቸውን የደፈነባቸው ካሉ ለብ ባለ ውኃ አርሰው በቀስታ ያንሱላቸው፤ ለፈንግል ክትባትም ቀኑ ሳያልፍ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።