የባለቤቴ ኢንሹራንስ ተከፈለኝ፤ ገንዘቡን ምን ላድርገው?

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ወር ሊሆነው ነው፤ ሰማንያው ባለፈው ሳምንት ወጣ። መጀመሪያ ታክሲ፣ በኋላ ኡበር ነበር የሚነዳው። ልጆቻችን 9 እና 14 ዓመታቸው ነው። እኔ አረጋውያን ቤት ውስጥ ረዳት ነርስ ነኝ።

የሕይወት ኢንሹራንስ ነበረውና 250 ሺህ ዶላር ተከፈለኝ። እንዲህ ያለ ገንዘብ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። የባንኩን አፕ በከፈትኩ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

ኢንሹራንሱን የሸጠለት የምናውቀው ሰው ነው። ለቅሶው ላይም ከጎናችን አልተለየም። አሁን ግን «ገንዘቡ ባንክ ተኝቶ ምን ይሠራል፣ አኑዊቲ እናስገባው» እያለ በዚህ ሳምንት እንድፈርም ይፈልጋል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ አዲስ አበባ የጀመርነውን ቤት ለመጨረስ 40 ሺህ ዶላር ላኪ ይለኛል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሶሻል ሴኩሪቲን፣ የመንግሥቱን ጡረታ ማለቴ ነው፣ ጓደኛዬ «255 ዶላር ነው የሚሰጡት» ስትለኝ ተውኩት። ምን ትሉኛላችሁ?

ሹፌሩ

እህቴ፣ ነፍሱን ይማር። እኔ ብሆን የቤቱን ሞርጌጅ እዘጋበታለሁ። ዕዳ የሌለበት ሰው ሰላም ይተኛል።

ወፍጮ ቤት (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የፋይናንስ አማካሪ ነኝ። 16 ዓመት ሆነኝ፤ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ እንዳንቺ ባላቸውን ያጡ ናቸው።

በዚህ ሳምንት ምንም አትፈርሚ። በሚቀጥለውም። እኔ ጋ ለሚመጡት ስድስት ወር አትንኩት ነው የምላቸው። ለሞርጌጁም ቢሆን ወንድማችን ሹፌሩ አይቆጣኝ እንጂ አልቸኩልም። ግድግዳ ውስጥ የገባ ገንዘብ ማሞቂያው ሲበላሽ ቶሎ አይወጣም።

ለጊዜው ወለድ በሚከፍል ቁጠባ አስቀምጪው። ግን ሁለት ባንክ አድርጊው፤ መንግሥት ዋስ የሚሆነው በአንድ ባንክ፣ በአንድ ሰው ስም እስከ 250 ሺህ ነው። ያንቺ የቀድሞ ቁጠባ ሲጨመርበት ያልፋል። ከኢንሹራንሱ ላይ የገቢ ግብር አትከፍዪም፤ ግብር ያለው ወለዱ ላይ ነው።

አኑዊቲ ማለት ገንዘብሽን ለኢንሹራንስ ኩባንያ ሰጥተሽ ቆይቶ እንዲመልስልሽ መዋዋል ነው። ለአንዳንድ ጡረተኛ ይሆናል። ብዙው ውል ግን ቶሎ ላውጣ ካልሽ ቅጣት አለው፤ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚይዝ አለ። በዚያ ላይ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላሽ ትርፉን ብታወጪ፣ ከግብሩ ሌላ 10 ከመቶ የፌዴራል ቅጣት ይመጣል። አንቺ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ኮሌጅ የሚገባ ልጅ አለሽ። ሰውየውን አንድ ነገር ጠይቂው፤ «ብፈርም ስንት ይከፈልሃል? በጽሑፍ ስጠኝ።» ስሙን የኢንቨስትመንት ሻጮች ፈቃድ በሚታይበት፣ ብሮከርቼክ በሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊ። እዚያ ከሌለ፣ ያለው ፈቃድ ኢንሹራንስ የመሸጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያ ጥፋት አይደለም፤ የሚያቀርብልሽ ግን የሚሸጠውን ብቻ ነው።

ሶሻል ሴኩሪቲ ላይ ጓደኛሽ ግማሹን ነው የነገረችሽ። 255ቱ አንዴ የሚሰጥ ነው። ዋናው የልጆቹ ነው። እያንዳንዳቸው የአባታቸውን ጡረታ እስከ 75 ከመቶ በየወሩ ማግኘት ይችላሉ፤ 18 እስኪሞላቸው፣ ሃይስኩል ካልጨረሱ እስከ 19። ከ16 ዓመት በታች ልጅ ስለምታሳድጊ ላንቺም አለሽ። የቤተሰቡ ድምር ግን ጣሪያ አለው፤ ከአባትየው ጡረታ ከ150 እስከ 180 ከመቶ። ደመወዝሽ ከተወሰነው ካለፈ ያንቺ ይቀነሳል እንጂ የልጆቹ አይነካም። ሹፌሮች ወጪ ቀንሰው ትንሽ ገቢ ስለሚያሳዩ ጡረታውም ያንሳል፤ ቢሆንም ጠይቂ። በኢንተርኔት አይሞላም፣ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ። የልጆቹን እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ቆጥረው ይከፍላሉና እስካሁን አልዘገየሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የባሏን ፖስታ በሁለት ፌስታል አውጥታ ሰጠችኝ። አንዱ ፌስታል እንጀራ የተገዛበት ነበር፤ ፖስታዎቹ ላይ የእርሾ ሽታ አለ። «እሱ ነበር የሚያነበው» አለችኝ። ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነውና በቢላ እየቀደድን ከቡና እስከ እራት ቆየን። ሦስት አራተኛው ማስታወቂያ ነው። ከታች ግን ሟቹ ድሮ ከሠራበት የፓርኪንግ ኩባንያ የመጣ ደብዳቤ ነበር፤ 11 ሺህ ዶላር የፎር ኦ ዋን ኬ፣ ማለትም በአሠሪው በኩል የተጠራቀመ የጡረታ ቁጠባ። ሦስት ዓመት ተዘግቶ ተቀምጧል። ባልሽ ከኡበር በፊት ሌላ ቦታ ሠርቷል? ፌስታሉ የት ነው?

ስሜ ለምን ወፍጮ ቤት ሆነ ለምትሉኝ፣ አባታችን ደብረ ብርሃን ወፍጮ ነበረው። ሲሞት አርባው ሳይወጣ ለእናቴ «ሴት ብቻዋን ወፍጮ አታንቀሳቅስም» ብለው አሸጧት። አውራ ጣቷን ቀለም ነክረው አስፈረሟት። ለዓመታት በዚያው ወፍጮ ከፍላ ስታስፈጭ ዱቄቱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ከአራት ኪሎ

ጠበቃ ነኝ፤ ስለ ቤቱ ብቻ ልበል። ባለቤትሽ ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶት ከነበረ፣ ሌላ ቃል ካልገባበት በስተቀር በሞቱ ቀርቷል። በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ቤት የጋራ ነው ተብሎ ስለሚገመት ግማሹ የራስሽ ነው። የእሱ ግማሽ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ለልጆቹ ነው። ሚስት በሕጋችን ወራሽ አይደለችም፤ ይህንን ብዙዎች አያውቁም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ሳታወጡ፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ ሳታዪ ብር አትላኪ።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሶሻል ሴኩሪቲ ደወልኩ፤ 50 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁና ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮ ሰጡኝ። ለወንድሙ ካርታውን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ አልኩት፤ እሺ ብሏል፣ ትንሽ ግን ቅር ብሎታል።

ሰውየውንም ስንት ይከፈልሃል ብዬ ጠየቅኩት። «እኛ ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?» አለኝ። ቁጥሩን ግን አልነገረኝም።

ፓርኪንግ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ፌስታል አይደለም፣ የጫማ ካርቶን ነው፤ ቁም ሣጥን ላይ አገኘሁት። የእሱ ጽሕፈት አለበት። ገና አልከፈትኩትም።

ወፍጮ ቤት (አሌክሳንድሪያ)

ብቻሽን አትክፈቺው። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ቡናውን አንቺ አፍዪ። ክፍያ አለው ወይ ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ ለካርቶን አላስከፍልም።