ክርክር፦ የአርመን ሙታን በላቲን ይለቀሱ?

አቅራቢ፦ የሙዚቃ ደራሲው ትግራን ማንሱርያን በ1939 ቤሩት ተወለዱ፤ በ1947 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ሶቪየት አርመን ገቡ። በዋና ከተማዋ በየሬቫን ባለው የኮሚታስ ኮንሰርቫቶር (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ተምረው ኋላም መሩት። በ2011 የጻፉት ረኩዬም (የሙታን ጸሎት ሙዚቃ) በኦቶማን ግዛት በዘር ማጥፋት ያለቁ አርመናውያን መታሰቢያ ነው። ቃሉ ግን የሮማ ካቶሊክ የሙታን ጸሎት፣ ላቲን ነው። ልክ ናቸው? (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

መሪጌታ፦ እኔ አልቀበለውም። የአርመን ቤተ ክርስቲያን እንደ እኛ የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበለች እህታችን ናት። እኛ ግዕዝ እንዳለን ግራባር የሚሉት ጥንታዊ ቋንቋ አላቸው፤ ሻራካን የሚሏቸው መዝሙራት አሏቸው። ሟቾቹ ሲጸልዩ የኖሩት በእሱ ነው። የእኔ እናት ተዝካር በላቲን ቢደርስ ነፍሷ የት እንደምትገባ ግራ የሚገባት ይመስለኛል።

የፒያኖ መምህርት፦ መሪጌታ፣ ቃሉን ብቻ ይዘው ነው። ዜማው የተሠራው በአርመን የቤተ ክርስቲያን ቅኝት ላይ ነው፤ ላቲኑ በእነሱ መንገድ ይሄዳል። ደግሞ ሁለተኛው ክፍል «ኪሪዬ ኤሌይሶን» ነው። እኛስ ስቅለት ዕለት እየሰገድን «ኪርያላይሶን» ስንል በግሪክኛ አይደለም? ባዕድ ነው ብሎ ያወጣው አለ?

መሪጌታ፦ እውነት ነው፣ እንላለን። ግን ከግዕዙ ጋር ነው እንጂ ግዕዙን ተክቶ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በስሙ የተጠራውን የአርመን የዜማ ሊቅ ኮሚታስን አስቢ፣ ልጄ። መነኩሴ ሆኖ መንደር ለመንደር ዜማ ሲለቅም ኖረ። እልቂቱ ሲጀመር ኦቶማኖች ሚያዝያ (ኤፕሪል) 24 ቀን 1915 ያዙት፤ ከሞት ቢተርፍም አእምሮው አልተመለሰም፣ በ1935 ፓሪስ ሞተ። እሱ የከፈለው ለዜማው ብቻ ሳይሆን ለቃሉም ነው።

የፒያኖ መምህርት፦ ኮሚታስም እኮ ቅዳሴያቸውን በብዙ ድምፅ፣ በአውሮፓ ጥበብ ነው ያቀናበረው።

የፒያሳ ልጅ፦ እኔ ሌላ ነገር ታየኝ። «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ሙዚቀኞች የዚያው እልቂት ወላጅ አልባዎች ናቸው፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም አመጧቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»ን በዜማ ሠራ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዜማው ከአርመናዊ፣ ቃሉ ከእኛ። አባቶቻችን ቆመው ዘመሩት፣ የሰው ነው ያለ አልሰማሁም። የማንሱርያንም ሥራ እንደዚያው ነው፤ ቃሉ ከሌላ ቤት፣ ዜማው ከአርመን። ያዘዙት የበርሊን መዘምራንና የሙኒክ ኦርኬስትራ ናቸው። ጀርመን የኦቶማን የጦር አጋር እንደነበረች አትርሱ፤ ለእነዚያ ሙታን የበርሊን ሰው በሚያውቀው ጸሎት አፉን ከፍቶ ምሕረት ሲለምን መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

መሪጌታ፦ የመጨረሻውን አላሰብኩትም ነበር። ሆኖም መዝሙር የደስታ ነው፤ ለቅሶ ሌላ ነው። ሰው የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ ነው።

የፒያኖ መምህርት፦ እንግዲያው ኪሪዬውን ብቻ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይስሙትና ይመለሱ፤ እዚሁ እጠብቅዎታለሁ።