ባለጸጋዋ አሜሪካ ውስጥ ድህነት ለምን አይነቀልም?

መክሊት (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የአሜሪካ ይፋዊ የድህነት መጠን በ1973 11.1 በመቶ ነበር። በ2023ም ያው 11.1 በመቶ ነው፤ በሰው ሲቆጠር 36.8 ሚሊዮን። በዚህ 50 ዓመት ውስጥ የአገሪቱ ምርት፣ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶለት እንኳ፣ ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በድህነት ላይ ጦርነት ያወጁት ደግሞ በ1964 ነው።

ክርክሩ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ይቆማል። አንዱ ወገን «ድሃው መሥራት አይፈልግም» ይላል፤ ሌላው «ሀብታሙ ሁሉንም ጠቅልሎ ወሰደው» ይላል። እኔ ማወቅ የምፈልገው አሠራሩን ነው። ገንዘቡ አለ፣ ሕጉ አለ፣ መሥሪያ ቤቱ አለ። ታዲያ ከመንግሥት ካዝና ወጥቶ ድሃው ቤት እስኪደርስ የት ላይ ነው የሚቀረው? ቁጥሩ ራሱስ ይታመናል? ዘርፉን የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሰንጠረዥ

ከቁጥሩ ልጀምር፤ እሱ ካልጠራ ሌላው ሁሉ ይምታታል።

ይፋዊው የድህነት ወለል (ገቢው ከዚያ በታች የሆነ ቤተሰብ ድሃ የሚባልበት መስመር) የተሠራው በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር (የመንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤት) ባልደረባ በነበረችው በሞሊ ኦርሻንስኪ እጅ ነው። በ1955 የተደረገ ጥናት አንድ ቤተሰብ ከገቢው ሲሶ ያህሉን ለምግብ እንደሚያወጣ አሳይቶ ነበር። እሷም የግብርና ሚኒስቴርን እጅግ ቆጣቢ የምግብ ወጪ ስሌት ወስዳ በሦስት አባዛችው። በ1969 መንግሥት ይህንኑ ወለል በይፋ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ የሚለወጠው በዋጋ ንረት ልክ ብቻ ነው። ዛሬ ምግብ ከቤተሰብ ወጪ የሚይዘው ድርሻ ከሲሶ በእጅጉ ያነሰ ሲሆን፣ ቤት ኪራይ፣ ሕክምናና የሕፃናት መዋያ ግን ገዝፈዋል። ወለሉ ይህን አያይም። ኪራይ ሰማይ በነካበት ሳን ፍራንሲስኮም ሆነ በሚሲሲፒ ገጠር ወለሉ አንድ ነው።

ትልቁ ችግር ግን በገቢው በኩል ያለው ነው። መለኪያው የሚቆጥረው ከታክስ በፊት ያለውን ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። ፉድ ስታምፕን (ለምግብ መግዣ የሚሰጥ ድጋፍ)፣ የቤት ኪራይ ድጋፍንና ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጠውን የታክስ ተመላሽ አይቆጥርም። አሁን ዓመቶቹን አስተውሉ። ፉድ ስታምፕ አገሪቱን በሙሉ ያዳረሰው በ1974 ነው፤ የሠራተኛ ታክስ ተመላሹ በሕግ የጸደቀው በ1975 ነው። ማለትም ከ1973 ወዲህ የተጨመረው ድጋፍ በአብዛኛው መለኪያው የማያየው ዓይነት ነው። ስለዚህ 11.1ን ከ11.1 ጋር አነጻጽሮ «ምንም አልሠራም» ማለት አይቻልም።

የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ከ2011 ጀምሮ ተጨማሪ የድህነት መለኪያ ያወጣል። ይህኛው ድጋፉን ሁሉ ይደምራል፤ ታክስን፣ ከኪስ የሚከፈል ሕክምናንና ለሥራ ሲባል የሚወጣ የሕፃናት መዋያ ወጪን ይቀንሳል፤ ወለሉንም እንደየአካባቢው የቤት ዋጋ ያስተካክላል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ዓይነቱን መለኪያ ወደ ኋላ ሲያሰሉት፣ ድህነት በ1967 ከነበረበት 26 በመቶ ገደማ በ2012 ወደ 16 በመቶ መውረዱን አገኙ። የድጋፉ ገንዘብ ሲወጣና የገበያ ገቢ ብቻ ሲቀር ግን ቁጥሩ ከነበረበት ፈቅ አላለም። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ያ ሁሉ የኢኮኖሚ ዕድገት በራሱ የታችኛውን ሰው ደመወዝ ከወለሉ በላይ አላወጣውም፤ ያወጣው ድጋፉ ነው።

አረጋውያንን ተመልከቱ። በ1959 ከ65 ዓመት በላይ ካሉት 35.2 በመቶው ድሃ ነበሩ፤ ዛሬ 10 በመቶ ገደማ ናቸው። የ1972ቱ ሕግ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታን በአንድ ጊዜ 20 በመቶ ከፍ አደረገው፤ ከ1975 ጀምሮም በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲጨምር አሠረው። ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል፣ ከዋጋ ጋር ያድጋል፣ በጀት አለቀ ተብሎ አይቋረጥም።

ቀመር

ሰንጠረዥ መሠረቱን ጥሎታል፤ እኔ «የት ላይ ነው የሚቀረው» ለሚለው ልመልስ።

አንድን ፕሮግራም ስትመዝኑ ከስሙ በፊት የገንዘቡን ዓይነት ጠይቁ። ፉድ ስታምፕ መብት ነው፤ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኛል፣ ድሃ ሲበዛ በጀቱም አብሮ ይሰፋል። የቤት ኪራይ ድጋፉ (በተለምዶ ሴክሽን ኤይት የምንለው) እንዲህ አይደለም። ኮንግረስ በየዓመቱ የሚመድበው ገንዘብ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል፤ ከሚገባቸው አራት ቤተሰቦች የሚደርሰው ለአንዱ ያህል ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ተራ ይጠብቃሉ፤ በብዙ ከተሞች ተራ መያዣው መዝገብ ራሱ ለዓመታት ይዘጋል። ተራ ደርሶት የድጋፍ ወረቀቱን ያገኘ ሰውም ገና አልጨረሰም። ቤት እንዲፈልግ መጀመሪያ የሚሰጠው ጊዜ ቢያንስ 60 ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ኪራዩ ከተፈቀደው ጣሪያ የማያልፍ፣ ቁጥጥር የሚያልፍ፣ ባለቤቱም ወረቀቱን የሚቀበል ቤት ማግኘት አለበት። ካላገኘና ጊዜው ካልተራዘመለት ዕድሉ ለሌላ ያልፋል።

ሦስተኛው ዓይነት ለግዛቶች በጥቅል የሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ ከሁሉ የከፋውም እሱ ይመስለኛል። በ1996 የዌልፌር (ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጥ የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ) ሕጉ ሲለወጥ የፌዴራሉ ድርሻ በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር እንዲሆን ተወሰነ። ያ ቁጥር ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድግ አልተደረገም፤ የመግዛት አቅሙ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ግዛቶቹም ገንዘቡን በቀጥታ ለቤተሰብ እንዲሰጡ አይገደዱም። ለሌላ አገልግሎት ያውሉታል፣ የራሳቸውን የበጀት ቀዳዳ ይደፍኑበታል፣ ሳይጠቀሙበት ያከማቹታል። በ1996 ልጅ ካላቸው 100 ድሃ ቤተሰቦች 68ቱ የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ያገኙ ነበር፤ በ2020 ያገኙት 21 ብቻ ናቸው።

አራተኛው በታክስ በኩል የሚመጣው ነው። የልጅ ታክስ ክሬዲቱ (ልጅ ላለው ከታክሱ የሚቀነስለት ወይም በጥሬው የሚመለስለት ገንዘብ) በ2022 ለአንድ ልጅ 2,000 ዶላር ነበር፤ ግን ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚታሰበው ከመጀመሪያው 2,500 ዶላር ደመወዝ በላይ ካለው 15 በመቶ እየተባለ ነው። ሁለት ልጅ ይዛ በዓመት 12,500 ዶላር የምታገኝ እናት 1,500 ዶላር ይደርሳታል። በዓመት 60,000 የሚያገኝ ባለ ሁለት ልጅ ቤተሰብ ሙሉ 4,000 ያገኛል። ይበልጥ የቸገረው ያነሰ ይወስዳል ማለት ነው።

ይህ በ2021 ለአንድ ዓመት ብቻ ተስተካከለ። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ 3,600፣ ከ6 እስከ 17 ላለ 3,000 ዶላር ሆነ፤ የደመወዝ መስፈርቱ ተነሣ፤ ግማሹም ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ በየወሩ ተከፈለ። ያቺው እናት፣ ልጆቿ ከ6 ዓመት በላይ ቢሆኑ፣ 6,000 ዶላር ታገኛለች። በተጨማሪው መለኪያ የልጆች ድህነት 5.2 በመቶ ገባ፤ ከዚያ በታች ተመዝግቦ አያውቅም። ሕጉ ሳይታደስ ቀረና በቀጣዩ ዓመት 12.4 ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ወላጆች ጸባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክፍያው ነው።

አድማስ

በቀመር ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ድጋፉን ያገኘውም ሰው ለምን ከወለሉ አጠገብ እንደሚቀር መነገር አለበት። በሒሳብ ላሳይ።

ሁለት ልጅ ያላት ብቸኛ እናት በ2024 በዓመት 25,000 ዶላር ታገኛለች እንበል፤ ፉድ ስታምፕና የኪራይ ድጋፍ አላት። ደመወዟ 1,000 ዶላር ጨመረ። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) ተቀናሽ 76.50 ይወስዳል። የሠራተኛ ታክስ ተመላሹ በ21.06 በመቶ ስለሚቀንስ 210 ይሄዳል። የኪራይ ድርሻዋ የገቢዋ 30 በመቶ ስለሆነ 300 ያህል ይጨምራል። ፉድ ስታምፑ ከ240 ዶላር በላይ ይቀንሳል። ከ1,000ው በእጇ የሚቀረው ከ200 በታች ነው፤ የግዛት ታክስ ካለ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንዱም ፕሮግራም ብቻውን ሲታይ የተጋነነ ነገር አልጠየቀም። ችግሩ እያንዳንዱን የጻፈው ሌላ ኮሚቴ መሆኑ ነው፤ ድምሩን ቁጭ ብሎ ያሰበ የለም።

ሰንጠረዥ

አድማስ፣ ስሌትህ ትክክል ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ሦስቱንም በአንድ ላይ የሚያገኝ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ የኪራይ ድጋፉ ለአንድ አራተኛው ብቻ ነው የሚደርሰው ተብሏል። ለብዙኃኑ ድሃ የሚያስፈራው ጭማሪው መበላቱ ሳይሆን ከመጀመሪያው ምንም አለማግኘቱ ነው። ይህን የምለው ጭማሪው ተበላ የሚለው ክርክር ብቻ ሲጎላ «ድጋፉን እንቀንሰው» ወደሚል መደምደሚያ ስለሚወስድ ነው። መድኃኒቱ ግን ደመወዝ ሲጨምር ድጋፉ ቀስ ብሎ እንዲቀንስ ማድረግ ነው።

የቅጽና የማስረጃ ጣጣውም አይረሳ። በኮቪድ ጊዜ ሜዲኬይድ (ለድሆች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ማንንም እንዳይሰርዝ ታግዶ ነበር፤ እገዳው መጋቢት 31 ቀን 2023 አበቃ። ከዚያ በኋላ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰረዘ፤ ከነዚህ አብዛኞቹ የተሰረዙት ገቢያቸው ከፍ ማለቱ ተረጋግጦ አልነበረም። ደብዳቤው ወደ አሮጌ አድራሻ ሄዷል፣ ቅጹ በቀኑ አልተመለሰም፣ የደመወዝ ማስረጃ ጎድሏል። ቤት የሚቀያይር ሰው ደብዳቤ ያመልጠዋል፤ ቤት የሚቀያይረው ደግሞ ድሃው ነው።

መክሊት

በጣም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ነገር ጠራልኝ። አንድ ልጨምር፦ የደመወዝ ወለሉን ከፍ ማድረግ ይህን ሁሉ አያስቀርም?

ቀመር

ይረዳል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። የፌዴራሉ ወለል ከሐምሌ 2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል፤ በዓመት 2,080 ሰዓት የሠራ 15,080 ዶላር ያገኛል። ለሦስት ሰው ቤተሰብ የ2023 የፌዴራል የድህነት መመሪያ (ድጋፍ የሚገባውን ለመለየት የሚያገለግለው የገቢ መስመር) 24,860 ነበር። ብዙ ግዛቶች የራሳቸውን ወለል ከፍ ስላደረጉ በ7.25 የሚቀጠረው ሰው አሁን ጥቂት ነው። ዛሬ ይበልጥ የሚጎዳው የሰዓቱ አለመርጋት ነው፤ በዚህ ሳምንት 34 ሰዓት፣ በሚቀጥለው 19። ፉድ ስታምፕ ደግሞ ከ14 ዓመት በታች ልጅ ከሌለውና መሥራት ይችላል ከተባለ ሰው በወር 80 ሰዓት ይጠይቃል፤ ሰዓቱን አለቃው የቀነሰበት ሠራተኛ በ36 ወር ውስጥ ከ3 ወር በላይ ድጋፍ አያገኝም።

ሁለተኛው ነገር፣ ከድሆቹ ብዙዎቹ ደመወዝተኛ አይደሉም። በ2023 ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጉት ልጆች ናቸው፤ ሌሎቹ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ በሽተኛ የሚያስታምሙ ናቸው። ደመወዝ በቀጥታ አይደርሳቸውም።

ሦስተኛው ኪራይ ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች አብዛኛው የመኖሪያ መሬት ለአንድ ቤተሰብ ለብቻው ለቆመ ቤት ብቻ የተከለለ ነው፤ አፓርትማ መሥራት በሕግ ክልክል ነው። የቤቱ ብዛት ሳይጨምር ደመወዝ ሲጨምር ከጭማሪው ከፊሉ ወደ አከራዩ ይሄዳል። ሚኒያፖሊስ ይህን ክልከላ በ2018 ባጸደቀችው ዕቅድ አንሥታለች፤ አብዛኞቹ ከተሞች ግን ነዋሪዎች በየስብሰባው እየተቃወሙ እንዳለ ነው።

አድማስ

ስለ አካል ጉዳተኞች ከተነሣ፣ ለሚመለከታችሁ አንድ ጠቃሚ ነገር። ኤስኤስአይ የሚባለው፣ ለድሃ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን በየወሩ የሚከፈለው ድጋፍ ተቀባዩ እንዲይዝ የሚፈቅድለት ንብረት ለአንድ ሰው 2,000፣ ለባልና ሚስት 3,000 ዶላር ነው፤ ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። የሚታየው ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ያለው ነው፤ በዚያ ቀን ባንክ ውስጥ 2,050 ከተገኘ የዚያ ወር ክፍያ በሙሉ ይቀራል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጽሕፈት ቤቱ ይህን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ የተከፈለው ሁሉ ይመለስ የሚል ደብዳቤ ይመጣል። የታክስ ተመላሽ ለ12 ወር አይቆጠርም፤ ስለዚህ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። ኤብል የሚባለውን የአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ሒሳብ መክፈት የሚችል ሰው እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ያለ ስጋት ያስቀምጥበታል። የመመለሻው ደብዳቤ ከደረሰ ግን በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ወይም የምሕረት (ዕዳው ይቅርልኝ የሚል) ጥያቄ አስገቡ፤ ለምሕረቱ ቀነ ገደብ ባይኖረውም መቆየት ተቀናሹን ያስጀምራል።