«ሀብታም ካውንስል» ያልከው ልጅ እስኪ ውጣ

ጀበና_ካምደን፦ ትናንት የእድሩ ግሩፕ ላይ አንዱ «የለንደን ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) በኤፕሪሉ ሪሴት፣ ማለት የቢዝነስ ሬት ገቢ እንደ አዲስ ሲከፋፈል፣ ቢቀነስባቸው እሰይ፣ ሀብታም ናቸው» ብሎ ጽፎ ጠፋ። እኔ ካምደን ሱቅ አለኝ፣ ቢዝነስ ሬቱን፣ ያው የሱቅና የቢሮ ግብሩን፣ የምከፍለው እኔ ነኝ አከራዬ አይደለም፣ እዚሁ ካምደን ኪንግስ ክሮስ ደግሞ ስንት ፎቅ በቀለ፣ በፈረንጆቹ 2013 መንግሥት ራሱ ነው ለካውንስሎቹ ካደገው ገቢ ድርሻችሁን ያዙ ያለው፣ አሁን በ2026 ተነስቶ እንደ አዲስ እንከፋፈል አለ። የራሳችን ገንዘብ እኮ ነው!!

የማንችስተሩ፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አልጠፋሁም ሺፍት ላይ ነበርኩ። «የራሳችን» ያልሽው ግን ተመቸኝ። የማን የራስ? የጎግል ፎቅ ያንቺ ነው?

ጀበና_ካምደን፦ መንገዱን የሚጠርገው ካምደን ነው። ስለዚህ አዎ፣ የራሳችን።

ደብተራው፦ ልጆች ረጋ በሉ። ካውንስል ሰብሳቢ እንጂ ተማኝ አይደለም፣ ግምቱን የሚያወጣው ቫሉዌሽን ኦፊስ ነው፣ ግምቱ የሚባዛበትን ቁጥር፣ ማባዣውን፣ መንግሥት። ለንደን ውስጥ እስከ ሪሴቱ ድረስ ከመቶው 33 ለመንግሥት፣ 37 ለከንቲባው፣ ለካውንስሉ 30 ነበር። ከሷም ላይ ብዙ የሰበሰበ ካውንስል ታሪፍ የሚባል ተቀናሽ ይከፍላል፣ ጥቂት ያገኘ ቶፕ አፕ የሚባል ማሟያ ይቀበላል። ዌስትሚኒስተርን እዩ፣ በሰብሳቢነት ካገሩ አንደኛ፣ ለራሱ የሚቀርለት ግን ቁራሽ። ሀብታም ሳይሆን ገንዘብ ያዥ በሉት።

የማንችስተሩ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ግን 13 ዓመት ሙሉ ፎቅ የበቀለለት እየጠገበ፣ ሱቁ የተዘጋበት ከተማ አዛውንቶቹን የሚጦርበት አጣ። ሽማግሌ በፎቅ ብዛት አይደለም የሚቆጠረው።

ጀበና_ካምደን፦ ሃሃሃ ማን ነው የሚያወራው! ግሬተር ማንችስተር ከ2017 ጀምሮ የቢዝነስ ሬቱን መቶ በመቶ ትይዝ የለ እንዴ? እኛ ጋ ሲሆን ማካፈል፣ እናንተ ጋ ሲሆን «ፓይለት»፣ ሙከራ ነው።

የማንችስተሩ፦ ፓይለቱ ሌላ ነው፣ በምትኩ የመንግሥት ድጎማ ቀርቶብናል።

ጀበና_ካምደን፦ «ሌላ ነው» አለ! ስሙት እንግዲህ።

የማንችስተሩ፦ ታሪፍና ቶፕ አፑ እኛም ጋ አለ እኮ፣ ሳታነቢ አትሳቂ።

ቀልደኛው_ክሮይደን፦ የዛን ጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ኦስቦርን በ2015 ለሁሉም መቶ በመቶ ብሎ ቃል ገብቶ አልነበር? የት ደረሰ?

ደብተራው፦ እሱ ቃል የትም አልደረሰም ልጄ። ይሄ ሁሉ ንትርክ የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 98 አስታወሰኝ፣ እዛም የጋራ ገቢ እየተባለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት በቀመር ሲያከፋፍል ማን አመጣ ማን በላ እንዳሉ ነው።

ቀልደኛው_ክሮይደን፦ ጋሼ በእግዜር፣ አንቀጽ አያምጡብን። በቢዝነስ ሬት ተጣልተን እንታረቃለን፣ በአንቀጽ ግን ቡናም አንጠጣ።

ጀበና_ካምደን፦ ማርች መጨረሻ ላይ የሱቆች የ40 ፐርሰንት የቢዝነስ ሬት ቅናሽ አበቃ፣ በማግስቱ ኤፕሪል 1 አዲስ ግምት መጣ፣ ዝቅ ያለ ማባዣ ሰጠናችሁ ይላሉ፣ እኔ የማየው ቢሉን ነው። ከሱ ላይ ደግሞ ካውንስሌ ሀብታም ነው ይለኛል፣ ሱቄን አይቶ የማያውቅ ሰው።

የማንችስተሩ፦ ቅናሹን ያነሳው መንግሥት ነው፣ ከሪሴቱ ጋር ምን አገናኘው? ጥያቄዬን ዘለልሽው። የማን የራስ?

ጀበና_ካምደን፦ ደንበኛ ገባብኝ፣ ማታ እመለስበታለሁ። ጋሼ እርስዎ ደግሞ እስከዛ እንዳያስታርቁን።