ለአባቴ የሚሆን የኢንተርኔት ራዲዮ የምታውቁ እባካችሁ

ሰላም ናችሁ? አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው። አባቴ ደሴ ነው የሚኖረው። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚተላለፈውን የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ስርጭት ከወጣትነቱ ጀምሮ በአጭር ሞገድ ነው የሚሰማው። አንቴናው ላይ ሽቦ ቀጥሎ መስኮቱ ላይ አስሮታል፤ ቁልፉን በጣቱ ጫፍ ነካ እያደረገ ጣቢያውን ይፈልጋል።

አሁን ግን ድምፁ በሿሿታ ተዋጠ። የቤቱን ኤልኢዲ አምፖል አጥፍቼ ቻርጀሩን ስነቅል ትንሽ ጠራ፣ የጎረቤቱን ግን ምን ላድርገው?

ስለዚህ ስማርት ስልክ ገዛሁለት። በኢንተርኔት ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ በጣም ደስ ብሎት ነበር። ችግሩ ስክሪኑ ከጠፋ ትንሽ ቆይቶ ድምፁም ይቋረጣል። የባትሪ ቁጠባውን አጥፍቻለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ኔትወርክ ሄዶ ሲመለስም ራሱ አይቀጥልም፤ እንደገና ልክፈት ሲል እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሌላ ነገር ይነካና ጭራሽ ይጠፋበታል። ከዚያ «ልጄ፣ ራዲዮው ሄደብኝ» ብሎ ይደውላል። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ምን ላሳየው? ዳታው አያሳስበኝም፤ በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ቢሰማ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ነው።

በዋይፋይ የሚሠራ፣ ግን እንደ ድሮው የሚዞር ቁልፍ ያለው ራዲዮ የተጠቀማችሁ አላችሁ? መብራት ሲጠፋ በባትሪ መሥራት አለበት። ወይስ ፖድካስቱን፣ ማለትም ተቀድቶ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጠውን ዝግጅት፣ ስልኩ ራሱ እንዲያወርድለት ላድርግ? እሱ ግን በሰዓቱ፣ ቡናው ቀርቦ ካልሰማው ዜና አይመስለውም። የሞከራችሁት ካለ ስሙንም፣ ያስቸገራችሁንም ጻፉልኝ።